ምዕራፍ ሰባት፦ በምጥ ሰዓት የእህት ድርሻ

ወይዘሮ የሺእመቤት አሊ የሐረርጌ ገዥ የነበሩት የራስ መኮንን ባለቤት ነበሩ። ከሐረር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የወለዱት ልጅ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። ልጁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1886 ዓ.ም.፣ እናቱ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ።

በአገረ ገዥ ቤት ሰው አይጎድልም፤ ገንዘብም፣ አገልጋይም፣ የሚጸልይም አይታጣም። በዚያ ዘመን እዚያ ያልነበረው ሌላ ነገር ነው፦ የሚፈስ ደም የሚያቆም መድኃኒት፣ የፈሰሰውን የሚተካ ደም፣ እናትንም ልጅንም የሚያተርፍ ቀዶ ሕክምና። እነዚህ ዛሬ ሐረር ውስጥ አሉ። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከየወረዳው የሚላኩ ከባድ ወሊዶችን ይቀበላል፤ ጀጎል ሆስፒታልም የአሮጌውን ከተማ ስም ይዞ ያገለግላል። እንግዲህ ዛሬ በጀጎል ቤቷ ውስጥ የምታምጥ ሴት ሕክምና የላትም አይባልም። ብዙውን ጊዜ የሚወስነው፣ አጠገቧ ያለው ሰው ምን አየ፣ መቼስ «ተነሡ፣ እንሂድ» አለ የሚለው ነው። ያ ሰው ደግሞ አዘውትሮ እህት ናት።

ይህ ምዕራፍ ለዚያች እህት የተጻፈ ነው። ማዋለድ የአዋላጅ ሥራ ነው። የእህት ሥራ ሁለት ነው፦ ከእህቷ አጠገብ አለመለየትና ሰዓት መጠበቅ። ሁለቱም ቀላል ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ሕይወት ያድናሉ።

ሴቶች ለምን ቤታቸው ይወልዳሉ?

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ቁጥሩ 26 ደረሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ሆነ። በእነዚሁ ዳሰሳዎች መሠረት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 871፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ነፃ የወሊድ አገልግሎትና የአምቡላንስ ስምሪት ለዚህ ለውጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ በ2011 ዓ.ም. እንኳ ከሁለት ወሊዶች አንዱ የተፈጸመው ከጤና ተቋም ውጭ ነበር።

ቤቷ የቀረችውን ሴት አላዋቂ ማለት ስሕተት ነው፤ ነውርም ነው። ምክንያቶቿን ቁጭ ብሎ ለሰማ ሰው ሁሉም ትርጉም አላቸው። ጤና ጣቢያ ብቻዋን ልትገባ ነው፤ እናቷና እህቷ በር ላይ ሊቀሩ ነው። ሰውነቷን የማታውቀው ወንድ ሊያያት ነው። እንደ ልቧ ቆማ፣ ተንበርክካ ማማጥ ሲያሰኛት ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ እንድትተኛ ልትታዘዝ ነው። ልጆቿን የሚይዝላት የለም። ምጡ ሌሊት መጥቶባታል። የበፊቶቹንም ቤቷ በሰላም ተገላግላለች። በብዙ የአገራችን ክፍል ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ የክብር ወግ ነው። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች ቤተሰብ አብሮ እንዲገባ መፍቀድ፣ ለወለደችውም ገንፎ ማዘጋጀትና ቡና ማፍላት ጀምረዋል፤ መልካም አድርገዋል።

በሌላው ዓለም ሆን ብለው ቤታቸው የሚወልዱ ሴቶች ምን ይገጥማቸዋል? በኔዘርላንድ ከ529,000 በላይ ሴቶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ የተለየ ሥጋት የሌለባቸው እናቶች ቤት ለመውለድ ቢያቅዱም ሆስፒታል ለመውለድ ቢያቅዱ በልጆቹ ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው፣ ከ64,000 በላይ ወሊዶችን የተከታተለ ጥናት ግን በመጀመሪያ ልጅ ላይ ቤት መውለድ ለሕፃኑ ከፍ ያለ ሥጋት እንዳለው አሳይቷል። ቤት ለመውለድ ካቀዱት የመጀመሪያ ልጅ ወላዶች ውስጥም 45 በመቶ ያህሉ በምጥ ላይ ሳሉ ወይም እንደ ወለዱ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። በሁለቱም አገሮች እናቶቹ አስቀድመው ተመርምረዋል፤ የሠለጠነች አዋላጅ ከነመሣሪያዋ አጠገባቸው አለች፤ መኪናውም በተጠራ ጊዜ ይደርሳል። ቤት መውለድን እዚያ ከአደጋ የጠበቁት እነዚህ ሦስት ነገሮች ናቸው። ሦስቱ በሌሉበት ቤት ሁሉም ነገር በአጋጣሚ እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ እህትሽ አዋላጅ ባለበት ተቋም ትውለድ፤ አንቺም አብረሻት ግቢ። ቤት እወልዳለሁ ካለች ወይም ምጡ ከቀደማችሁ ግን የሚከተለውን እወቂ።

አለመለየት መድኃኒት ነው

ያልወለደች ታናሽ እህት በምጥ ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ትባላለች። አትፈሪ። ከአንቺ የሚፈለገው ትምህርት ሳይሆን መገኘት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በጓቲማላ የተደረገ አንድ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶችን ለሁለት ከፈለ። አንደኞቹ እንደተለመደው ብቻቸውን አማጡ። ሁለተኞቹ አጠገባቸው አንዲት ሴት ተመደበችላቸው፤ የሕክምና ሙያ የላትም፣ ከዚያ በፊትም አይተዋወቁም። ወገባቸውን አሸች፣ እጃቸውን ያዘች፣ አናገረቻቸው። ችግር ሳይገጥማቸው ከወለዱት መካከል ብቻቸውን የነበሩት ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ በአማካይ 19.3 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ሰው የነበራቸው በ8.8 ሰዓት ተገላገሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ ምጣቸው እንደሚያጥር፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸውም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን አሳስቧል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት በሰውነታችን ውስጥ ነው። ማህፀን የሚኮማተረው ኦክሲቶሲን በሚባል ሆርሞን ነው። ሴት ስትፈራ፣ ስትደናገጥ፣ ስታፍር አድሬናሊን ይለቀቃል፤ እሱ ምጡን ያዳክማል፣ ወደ ማህፀን የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። የምታምነው ሰው ድምፅና እጅ ፍርሃቱን ሲያበርድላት ምጡ መንገዱን ያገኛል።

እንግዲህ ክፍሉን ከሰው አሳንሺ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አንዷ «ግፊ»፣ ሌላዋ «ቻይ»፣ ሦስተኛዋ «ተኚ» የምትልበት ቤት ምጥ ያበዛል። ልባም የሆኑ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። ሌሎቹን በማክበር ሥራ ስጫቸው፦ ውሃ ማሞቅ፣ ልጆች መያዝ፣ ስልክ መጠበቅ። ትራመድ፤ ትንበርከክ፤ ትከሻሽን ይዛ ትወዛወዝ። ምጡ ሲመጣ በመዳፍሽ የወገቧን ግርጌ ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚላት፤ ሲለቃት ሻይ ወይም ውሃ አቅምሻት። በየሁለት ሰዓቱ ሽንቷን ትሽና፤ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን መንገድ ያጠብባል። «ማርያም፣ ማርያም» ብትልም፣ ቁርኣን ቢቀራላትም፣ ድምፁ ዝግ ያለና የማይቸኩል ይሁን።

እህት ብቻ የምታውቀው

ባል የማያውቀውን፣ አማት የማትጠይቀውን እህት ታውቃለች። አንድ ቤት ስላደጋችሁ የልጅነት ሕመሟን፣ ከዚህ በፊት ያስወረዳትን፣ ባለፈው ወሊድ ደም እንዴት እንደፈሰሳት፣ በቀዶ ሕክምና ወልዳ እንደነበርም ታውቂያለሽ። ባለፈው ብዙ ደም የፈሰሳት፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ የደም ግፊት ያለባት ሴት ቤቷ አትወልድም። ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

በሐረር አንድ ነገር ይጨመርበታል። የ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ 100 ሴቶች 65ቱ ተገርዘዋል፤ በሐረሪ ክልል ይህ ቁጥር ከ80 ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ ወላዶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ የተገረዙ ሴቶች ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የመፍሰስ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድና ሕፃኑን የማጣት ሥጋታቸው ካልተገረዙት የበለጠ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ግርዛቱ በከፋ መጠን ሥጋቱም ይከፋል። የተሰፋች ሴት ደግሞ ጠባሳው በባለሙያ እጅ መከፈት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ቤት ውስጥ በምላጭ መሞከር ማለት ደም መጋበዝ ነው። ስለዚህ ነገር በቤተሰብ ውስጥ በግልጽ አይወራም። አንቺ ግን የዚያኑ ቀን እዚያው ቤት የነበርሽ፣ ምናልባትም አንቺም የደረሰብሽ እህት ነሽ። በእርግዝናዋ ክትትል አብረሻት ሂጂና፣ አፍራ ከዘለለችው፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ ለአዋላጇ አንቺ ንገሪላት። አንዲት እህት ለእህቷ ከምታደርግላት ሁሉ ይህ ከትልቆቹ አንዱ ነው።

ከጀጎል መውጫውን ቀድሞ መራመድ

ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶች የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች መሆኑን ጻፉ፦ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ሕክምናው ጋ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቤተሰብ እጅ ናቸው።

የሐረሩ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠራው ግንብ ውስጥ ያለው ከተማ፣ ጀጎል፣ ለመኪና አልተሠራም። መኪና ከፈረስ መጋላ አደባባይ አልፎ ወደ ብዙው ሰፈር አይገባም፤ አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ድንጋዩ አቀበት ቁልቁለት ነው፣ ሲዘንብም ያንሸራትታል። ሆስፒታሉ ቅርብ ቢሆንም የጉዞው የመጀመሪያ ክፍል በእግር ወይም በሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ እርግዝናዋ ሰባት ወር ሲሞላ፣ ሌሊት፣ የእጅ ባትሪ ይዘሽ ከበሯ ተነሺና ባጃጅ እስከሚቆምበት ድረስ ተራመጂው። የሚቀርባት ሸዋ በር ነው? ሰንጋ በር ነው? ኤረር በር ነው? ቃሬዛ በየትኛው መታጠፊያ ያልፋል? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ቡዳ በርና ፈላና በር አጠገብ ላለውም ቤት ጥያቄው ይኸው ነው።

ከዚያ እነዚህን አስጨርሺ። ሌሊት ስልክ የሚያነሡ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች፤ የወረዳው አምቡላንስ ቁጥርና የቀይ መስቀል 907፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ጎረምሶች፤ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ፤ ደም ለመስጠት የተዘጋጁ ጤነኛ ሰዎች። ወንድሞች በምጥ ክፍል ባይገቡም ይህ ሁሉ የእነሱ ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ፈቃዱን አስቀድመሽ ያዢ። ባሏ ገበያ ወይም ድሬዳዋ ሄዶ፣ ስልኩ ተዘግቶ «እሱ ሳይመጣ እንዴት እንወስዳታለን?» እየተባለ ሰዓታት ያልቃሉ። ገና በሰላሙ ቀን፣ ቡና ላይ፣ አማቷ ባሉበት አንሺው፦ «እማማ፣ እርስዎ ብዙ አይተዋል። ለእኔ ግን አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ፤ ያን ቀን እንሂድ ካልኩ ማንም እንዳይከለክለኝ።» በአክብሮት የተጠየቀ ቃል በጭንቅ ሰዓት ይከበራል።

በክፍሉ ውስጥ

የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ አሠራሩ ውብ ነው። ግን ነደባ የሚባለው ምንጣፍ የለበሰ መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ ኪርታት የሚባለው የጎን ክፍልም ገመናን ይሸፍናል እንጂ ለሁለት ሰው እንቅስቃሴ ይጠባል፣ ብርሃንም ያንሰዋል። ወለሉ ላይ ሰፋ ያለና ሙቀት ያለው ቦታ ምረጪ፤ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ አንሶላ አንጥፊ፤ መብራት ቢጠፋ ባትሪ ይኑር። ንጽሕና በስድስት ቦታ ይጠበቃል፦ እጅ፣ የእናቲቱ ገላ፣ የሚወለድበት ንጣፍ፣ እትብት የሚቆረጥበት ምላጭ፣ የሚታሰርበት ክር፣ ከዚያም የእትብቱ ጉቶ። ምላጩ ከታሸገበት ያልወጣ አዲስ ይሁን። በጉቶው ላይ እበትም፣ ቅቤም፣ አመድም አይደረግ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ከሕዝብ ጤና ችግርነት መወገዱ የተረጋገጠላት በክትባትና በዚህ ዓይነቱ ንጽሕና ነው።

ምጡ እየገፋ ሲመጣ ሰዓትሽን አውጪ። ከአንዱ ምጥ መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ስንት ደቂቃ? እያንዳንዱስ ምን ያህል ይቆያል? በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቆይ አዋላጇ መጠራት፣ ወደ ተቋም የምትሄድም ከሆነ መነሣት አለባችሁ። ብርቱው ምጥ 12 ሰዓት ሲሞላው «ትንሽ እንይ» አይባልም።

ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ሰዓት አይቆጠርም፤ ወዲያው ይኬዳል፦ ከመውለዷ በፊት ደም ከፈሰሳት፤ የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከሸተተ፤ እትብት፣ እጅ ወይም እግር ቀድሞ ከታየ፤ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ሰውነቷ ከተንዘፈዘፈ፤ ትኩሳት ካላት።

ሆዷን ማንም አይጫን፤ ማህፀን ሊተረተር ይችላል። ማንም እጁን ወደ ውስጥ አይስደድ። ምጥ ያፋጥናል የሚባል ሥርም መርፌም ያለ ባለሙያ አይሰጥ። ሕፃኑ አዋላጇን ከቀደማት ተቀበዪው እንጂ አትጎትቺው። በደረቅ ጨርቅ ጀርባውን እያሸሽ አድርቂው፤ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝተሽ ሁለቱንም አልብሺ። እትብቱን ለመቁረጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ ግን እርዳታ የሚያሻው አሁኑኑ ነው፤ የሠለጠነች አዋላጅ ከነመሣሪያዋ አጠገብ እንድትሆን የሚፈለገውም ለዚህች ደቂቃ ነው።

ከእልልታው በኋላ

ሕፃኑ አለቀሰ። እልልታው ቀለጠ፤ በሙስሊሙ ቤት አዛን በጆሮው ሊደረግለት አባት ተጠራ። ዓይን ሁሉ ወደ ልጁ ዞረ። ያቺ ሰዓት የእህት ሰዓት ናት። ብዙ እናቶችን የሚገድለው ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና፣ አንዲት ሴት ዓይኗን ከወለደችዋ መንቀል የለባትም። የከፋ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

እንግዴ ልጁ በራሱ ይውጣ፤ እትብቱን ይዛችሁ አትጎትቱ። 30 ደቂቃ ካለፈው መንገድ ጀምሩ። ከወጣ በኋላ መዳፍሽን ከእምብርቷ ዝቅ አድርገሽ አሳርፊ። ማህፀኗ ተኮማትሮ ከሆነ ግንባርሽን ስትነኪ እንደሚሰማሽ ያለ ጠንካራ ነገር ታገኛለሽ። ለስላሳ ሆኖ ከሸሸሽ ደም እየተጠራቀመ ነው፤ እስኪጠነክር ድረስ እያሽከረከርሽ እሺው፤ ሽንቷን አሽኚያት፤ ሕፃኑን ጡት አስይዢው፣ መጥባቱ ማህፀንን ያኮማትራልና። አዋላጇ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የደም መፍሰስን የሚከላከለውን ክኒን፣ ሚዞፕሮስቶልን፣ ሰጥታ ከሆነ እሷ ባዘዘችው መሠረት ብቻ ትዋጠው፤ ሕፃኑ ሳይወለድ ግን በፍጹም። በየ15 ደቂቃው ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ግለጪና እዪ። ደሙ ግማሽ ሊትር ከመሰለሽ፣ ጨርቅ እያራሰ ካልቆመ፣ ላብ ላብ ካላት፣ ንግግሯ ከተደነባበረ፣ ሩጡ። እየወሰዳችኋትም ማሸቱን አታቋርጪ።

ለሕፃኑ የመጀመሪያ ምግቡ እንገር ነው። ቢጫነቱ ቆሻሻ መስሏቸው የሚያልቡና የሚደፉ አሉ፤ ለሕፃኑ ከበሽታ መከላከያው የተከማቸው እዚያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ ቅቤም ስኳር ውሃም አይቅደመው። ለ24 ሰዓት አይታጠብ። በሰላም ቢገላገሉም በማግስቱ እናትና ልጅ በባለሙያ ይታዩ። አርባው ቀን እስኪወጣ ድረስም ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ደም፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቀት ካየሽ አራስነት ነው ብለሽ አትለፊው።

ሐረር አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላት፤ ትልቅ ሀብት ነው። ሠርግ ሲሆን ይሰበሰባል፤ ሞት ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በሌላው የአገራችን ክፍል እድር ይህንኑ ያደርጋል፤ በአንዳንድ የገጠር ቀበሌዎችም ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርስ ማኅበር ተቋቁሟል። ለቀብር የሚደርስ ማኅበር ለምጥ መድረስ አያቅተውም። ይህን ያነበብሽ እህት፣ ያነበብክ ወንድም፣ በሚቀጥለው የአፎቻ ወይም የእድር ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየሰፈሩ አንድ ቃሬዛ፣ ሌሊት የሚነሣ አንድ ስልክ፣ ለወላድ ብቻ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ገንዘብ። እህት ከእህቷ አጠገብ ሆና «እንሂድ» ባለች ጊዜ የሚሸከም ሰው በሩ ላይ ይቁም።